አራት ሚሊሜትር

ጋምቤላ፣ ኅዳር 12 ቀን 1987 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ አጎቴ ለጋሽ ተክሌ፣

እንደምን ከርመሃል? እኔ ከሙቀቱ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሁለት ወር ሙሉ ዝም በማለቴ እንደተቆጣህብኝ ከደብዳቤህ አውቄዋለሁ፤ ሰላምታውን በአንድ መስመር ጨርሰህ ስለ ብስክሌቷ አሥራ አንድ ጥያቄ ደርድረሃል። ይቅርታ አድርግልኝ። በተራ ልመልስ።

ብረት መሆኗን በማግኔት ሞክሪ ያልከኝን ሞክሬዋለሁ። አብዱልባሲጥ የተበላሸ ሬዲዮ ነበረው፤ ድምፅ ማጉያውን ፈትቶ ማግኔቱን ሰጠኝ። (ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ እሱ ነው፤ እዚህ ገበያው ዳር ሱቅ አለው፣ በጭነት መኪናው መርካቶ ይመላለሳል።) የካቴናው ሰንሰለት ላይ ጥብቅ አለ። ፍሬሙ ላይ ግን ከላይ እስከ ታች ባስኬደው ተንሸራቶ ወደቀ። እንደጠረጠርከው አሉሚኒየም ናት። በአንድ እጄ አንስቼ ደረጃ ስወጣ ያየኝ ሁሉ ጉልበተኛ እመስለዋለሁ።

ከማን ገዛሽ ላልከው፣ የውኃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር መጥቶ የነበረ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ነው የሸጠልኝ። መሪዋ እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የታጠፈ፣ ጎማዋ የቀጠነ፣ የእሽቅድምድም ብስክሌት ናት። "ከዓይነቷ ምርጥ አይደለችም፣ ተራም አይደለችም፤ መካከለኛ ናት" ብሎኛል። እንደኔ ማለት ነው።

ምን ያደርግልሻል ላልከው ግን ትንሽ ልቆጣህ። አቦቦ ያለው ጤና ጣቢያ ማይክሮስኮፕ የለውም። የወባ በሽተኞች የደም ጠብታ በስላይድ ላይ ይደርቅና ወደኛ ላቦራቶሪ ይመጣል፤ የማየው እኔ ነኝ። የመሥሪያ ቤታችን መኪና ከሰኔ ጀምሮ ቆማለች። ክልሉ አዲስ፣ ቢሮው አዲስ፣ ማኅተሙ ገና ተቀርጾ አልመጣም፤ ያለ ማኅተም ደግሞ የመኪና ጎማ አይገዛም። ስላይዱ የሚጭነው መኪና እስኪገኝ አምስት ቀን ይቆያል፤ በወባ የሚነድ ሕፃን አምስት ቀን አይጠብቅም። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ በብስክሌት ሄጄ አመጣዋለሁ። ሦስት ሰዓት መሄድ፣ ሦስት ሰዓት መመለስ ነው።

አሁን የሚያስቸግረኝ የኋላው ቸርኬ ነው። ጠጠሩ አጣሞታል፣ ከቀጫጭን ሽቦዎቹ፣ ከራጂዎቹ፣ ሦስቱ ተበጥሰዋል፣ ማርሹም ይዘላል። ምን ላድርግ?

እማዬን ሳምልኝ። መንገዱ አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር መሆኑን ግን እንዳትነግራት። "ከተማ ውስጥ ትነዳለች" በላት።

ልጅህ አቢጋኤል


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለልጄ ለአቢጋኤል፣

እንዴት ነሽ? እኔ ጉልበቴን ካልቆጠርነው ደህና ነኝ። እናትሽ አልማዜም ደህና ናት። እሁድ እሁድ ከቅዳሴ ወጥታ ቀጥታ ሱቄ ትመጣና በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ "የልጄን ደብዳቤ አንብብልኝ" ትላለች። እኔም እያነበብኩ አንዳንድ ቦታ እዘላለሁ፤ የሚዘለው ያንቺ ማርሽ ብቻ አይደለም።

ስሚኝ፣ ቸርኬ አገኘሁልሽ! የአንድ ክለብ ተወዳዳሪ የተወው ነው፤ ባለ ሠላሳ ስድስት ራጂ፣ ማርሹ ስምንት። ሦስት ቀን ቁጭ ብዬ አቃንቼዋለሁ፤ ሲሽከረከር ዓይን አያየውም። ወፈር ያለ ጎማ ከነካላማዳሪው አልብሼዋለሁ፤ ለጠጠር የሚሆነው እሱ ነው። አዲስ ካቴናና አንድ ጥንድ የፍሬን ጎማም ጨምሬያለሁ። ፈረንጁ መካከለኛ ናት ካለሽ እኔ ምርጥ አደርግልሻለሁ።

አንድ ነገር ብቻ አለ። ያንቺ ማርሽ ሰባት ነበር፤ ይህ ስምንት ስለሆነ መሐሉ በአራት ሚሊሜትር ይሰፋል። እንዲሁ ብትሞክሪው አይገባም። አትደንግጪ። ቸርኬውን ግራና ቀኝ የሚይዙትን ሁለቱን የፍሬሙን የኋላ ክንዶች በአራት ሚሊሜትር ከፈት ማድረግ ነው። አንድ ሰው አንዱን፣ ሌላው ሌላውን ይያዝ። ቀስ ብለው ይሳቡ፣ ይልቀቁ፣ በማስመሪያ ይለኩ፣ ደግመው ይሳቡ። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ስንቱን እንደከፈትኩ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል፤ አንድም አልተመለሰብኝም።

ያ ሁሉ ብረት ነበር፣ ይቺ አሉሚኒየም ናት ብለሽ እንደምትጨነቂ አውቃለሁ፤ ሳትጠይቂኝ ልመልስልሽ። አሉሚኒየም ምንድን ነው? ድስት ነው። ድስት ሲጣመም ምን ታደርጊያለሽ? ታቃኚዋለሽ። ከብረት የለሰለሰ ስለሆነ እንዲያውም ቶሎ ይታዘዛል። ተክሌ ብሏል ብለሽ ሥሪው።

አጎትሽ ተክሌ


ጋምቤላ፣ ጥር 8 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለጋሽ ተክሌ፣

እንኳን ለጌታ ልደት በሰላም አደረሰህ፣ ምንም እንኳ ሰላምታዬ ዘግይቶ ቢደርስህ። የላክኸው ሁሉ ሳይጎድል ገብቷል። ለገና ቀን በመንገደኛ በላክሃት ብጣሽ ወረቀት "ማን ያዘ፣ ማን ሳበ፣ ስንት ጊዜ?" ብለህ ነበር። ጽሑፌ ከተወለጋገደብህ ታገሠኝ፤ ሙቀቱ ነው።

ግራውን ክንድ ዘበኛችን ቦል ያዘ፤ ቁመቱ የላቦራቶሪውን በር ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ ሰው ነው። ቀኙን እኔ። ማስመሪያውን ኛጉዋ ያዘች። ኛጉዋ ስላይድ የምታጥብልን ልጅ ናት፤ የዚሁ አገር ተወላጅ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። አማርኛዋ አጭር ነው፤ ዓይኗ ግን አንድ ነገር አያመልጠውም። ከኅዳር ጀምሮ በግቢው ውስጥ ብስክሌት አስተምሬያት አሁን ከኔ እኩል ትነዳለች። "አይዞሽ፣ አጎቴ ድስት ነው ብሏል" ስላት በቋንቋዋ አንድ ነገር አለች። ቦል ሳቀ። ላቡ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ስለነበር ምን አለች ብዬ አልጠየቅኩም።

ሦስት ጊዜ ሳብን። በሦስተኛው "ጠቅ" አለ። ጥፍር ሲቆረጥ የሚሰማው ዓይነት ትንሽ ድምፅ ነው። ቦል ደንግጦ ለቀቀ። ኛጉዋ ጎንበስ ብላ አየችና ቀና ብላ እኔን አየችኝ። እኔም ቀለሙ ይሆናል ብዬ ተውኩት። ቀለሙ ነው፣ አይደል?

ቸርኬው ግን ልክክ ብሎ ገባ። ባለፈው ሐሙስ አቦቦ የደረስኩት በሁለት ሰዓት ተኩል ነው! ከመድረሴ በፊት ያለችው ቁልቁለት ላይ፣ ከእንጨት ድልድዩ ወዲህ፣ ነፋሱ ጆሮዬን ደፈነው። እጅህን ይባርከው ጋሼ።

ልጅህ አቢጋኤል


አዲስ አበባ፣ ጥር 13 ቀን 1987 ዓ.ም.

አቢ፣

ሰላምታው ይቆየን። ብስክሌቷን አትንጂ።

የላክሁልሽን ቸርኬ ገና ካልገጠምሽው ተንበርክኬ አመሰግናለሁ፤ አትግጠሚው፣ ፍሬሙን አትንኪ። ገጥመሽው ከሆነ ውረጂ። ዛሬውኑ ውረጂ።

የጥምቀት ዋዜማ አንድ ሰው የወንድሙን ብስክሌት ተሸክሞ ሱቄ ገባ። አሉሚኒየም ናት። የኋላው ክንድ ከሥሩ ተገንጥሎ ራጂው ውስጥ ገብቷል። ወንድሙ ሆስፒታል ተኝቷል፤ መንጋጋው በሽቦ ታስሮ በቀጭን ቱቦ ነው የሚመገበው። ማን ነካው አልኩት። "አንድ መካኒክ ለአዲስ ቸርኬ ብሎ ከፈተው" አለኝ። እኔ አይደለሁም፣ ሰውየውንም አላውቀውም። ግን መፍቻውን አስቀምጬ ወጣሁ።

ቴክኒክ ትምህርት ቤት የሚያስተምር የማውቀው ሰው አለ፤ ሮጬ ሄጄ ጠየቅሁት። ብረት ሲደክመው ይጎብጣል፣ ጊዜ ይሰጥሻል። የብስክሌት አሉሚኒየም ግን ለጥንካሬ በእሳት የተሠራ ነው፤ አንዴ ከተከፈተ ውስጡ ይሰነጠቃል፣ ከላይ ምንም ሳይታይ ይቆያል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይለቃል። ይህን አላውቅም ነበር።

መመርመሪያው እንዲህ ነው። የኋላ ክንዶቹን በላምባ እጠቢ። ሩብ ሰዓት ጠብቂ። በጨርቅ ድረቅ አድርገሽ ጥረጊና በላዩ ነጭ ጠመኔ ቀቢ። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ላምባ ተመልሶ በጠመኔው ላይ ጥቁር መስመር ያወጣል። አንቺ ከኔ በላይ ትንንሽ ነገር የማየት ሥራ አለሽ። መስመሩ ባይታይሽም አትንጂ።

አብዱልባሲጥ ነገ ጭኖ ይወጣል። ከሱ ሌላ የሚታመን ሰው የለም ብዬ በእሱ ልኬዋለሁ።

ተክሌ


አዲስ አበባ፣ ጥር 23 ቀን 1987 ዓ.ም.

ልጄ አቢጋኤል፣

የጥር ስምንት ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ። "ጠቅ" አለ አልሽ።

ቀለሙ አይደለም፣ የኔ ልጅ። ቀለም ጠቅ አይልም።

ስልክ ቤት አራት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ሁለት ጊዜ መስመር ጠፋ፤ በሦስተኛው አንድ ሰው አንስቶ ላቦራቶሪው ሌላ ግቢ ነው ብሎ ዘጋው፤ በአራተኛው ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። የአብዱልባሲጥ መኪና መቱ ላይ ተሰብራ ቆማለች ብለው መርካቶ ነገሩኝ፤ ያ ደብዳቤዬ እሷ ውስጥ ነው። ስለዚህ ይህንኑ ወረቀት በሦስት ቅጂ ጽፌዋለሁ። አንዱን በአውቶቡስ ሹፌር፣ አንዱን በፖስታ፣ አንዱን ወደ ጋምቤላ በምትሄድ ርብቃ በምትባል አስተማሪ እጅ። አንዱ ቢጠፋ አንዱ ይድረስሽ። አትንጂ። አትንጂ። አትንጂ።

አሁን ደብቄሽ የነበረውን ልንገርሽ፤ ሌላ ለማን እነግራለሁ። ከዚያች ከተሰበረችው በፊት የአሉሚኒየም ፍሬም በእጄ ነክቼ አላውቅም። አንድም ቀን። ስለ ማግኔቱ ከሰው ሰምቼ ነው የጠየቅሁሽ። "አላውቅም" ብዬ ብጽፍልሽ ምን እሆን ነበር? ሃያ ሰባት ዓመት "ተክሌ ያውቃል" ሲሉኝ ኖሬ አላውቅም የሚለው ቃል ከአፌ ጠፋ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል፤ እኔ ያደረግሁት ከዚያ ይብሳል።

እናትሽ እሁድ መጣች። ያቺን ደብዳቤ ገና አላገኘሁም ነበርና የድሮውን አውጥቼ እንደ አዲስ አነበብኩላት። "ይሄን ሰምቼዋለሁ" አለችኝ። ፊቴን አየችና ተነስታ ሄደች። ፈርቻለሁ አቢ። ሰው ሱቁ በር ላይ በቆመ ቁጥር መርዶ ይዞ የመጣ እየመሰለኝ ነው። በደህናሽ ጊዜ የጻፍሽው መስመር ላይ እያፈጠጥኩ ነው የምውለው፤ ቁልቁለት አለ ብለሻል፣ ድልድይ አለ ብለሻል።

አንድ ቃል ብቻ ጻፊልኝ።

ተክሌ


ጋምቤላ፣ ጥር 25 ቀን 1987 ዓ.ም.፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል

ጋሼ፣

እኔ ደህና ነኝ። በጥር አሥራ ሦስት የጻፍከውን አብዱልባሲጥ አሁን ገና፣ ከመኪናው ሳይወርድ፣ በመስኮት ሰጠኝ።

ግን የምትነዳው እኔ አይደለሁም። ደብቄህ ነበር። ከጥር አምስት ጀምሮ ወባ ይዞኝ ተኝቻለሁ፤ እማዬ እንዳትሰማ ብዬ ነው። ሐሙስ ሐሙስ አቦቦ የምትሄደው ኛጉዋ ናት። ይህ ሦስተኛዋ ነው። ዛሬ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ወጥታለች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው ከአቦቦ የምትነሳው፤ እስከዚያ ሙቀቱ አያስኬድም፣ ሁልጊዜም ከዚያ በፊት አትነሳም። ከዚያ በፊት ከደረስኩ እይዛታለሁ። አብዱልባሲጥ ስኳሩን ሳያራግፍ እንሂድ ብሏል፤ ቦል ከኋላ ተሳፍሯል። ይህን ወረቀት አሁን ወደ አውሮፕላን ለሚሄድ የቢሮ ሰው እሰጠዋለሁ።

ጸልይ።

አቢጋኤል


አዲስ አበባ፣ ጥር 28 ቀን 1987 ዓ.ም.

አቢዬ፣

ወረቀትሽ ዛሬ እሁድ ጠዋት እናትሽ ፊት ደረሰኝ። "እኔ ደህና ነኝ" የሚለውን እንዳነበብኩ ተንበርክኬ የሱቄን ወለል ሳምኩ። ዘይት የጠጣ ወለል ነው፤ ሳምኩት። እናትሽ ምን እንደሆነ ሳታውቅ እልል አለች።

ከዚያ ወደ ቀጣዩ መስመር ወረድኩ።

ለእናትሽ እዚያ ላይ ማንበቤን አቆምኩ። እሷ በደስታ እያለቀሰች ሄደች፤ እኔ በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ለማንም የማልናገረውን ላንቺ ልጻፍ። ያቺ ልጅ በዚያ ቁልቁለት ላይ እንዳለች አንብቤም ደስታዬ አልጠፋም። ሊጠፋ ይገባ ነበር፤ አልጠፋም። "አቢ አይደለችም፣ አቢ አይደለችም" እያለ በውስጤ ይዘላል። አሥራ አምስት ቀን ስፈራ የኖርኩት ለራሴ ሥጋ ብቻ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። አፈርኩ። ካፈርኩ በኋላ ደግሞ እንደገና ፈራሁ፤ አሁን የምፈራው ለማላውቃት ልጅ ነው፣ ፊቷን እንኳ ማሰብ አልችልም።

እናት አላት? የሚጠብቃት ሰው አለ? ደረስሽ ወይስ አልደረስሽም? የተሰበረው የትኛው ጎን ነው? ተሰብሮ ከሆነ ማለቴ ነው። ፍሬሙ ማለቴ ነው።

ተክሌ


ጋምቤላ፣ የካቲት 3 ቀን 1987 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ አጎቴ፣

ኛጉዋ በሕይወት አለች። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይምጣ።

ቶሎ ባለመጻፌ ይቅር በለኝ። ስምንት ቀን ምን እንደሆንክ አውቃለሁ፤ ሦስቱም ቅጂዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ደረሱኝ፤ ርብቃ የመጨረሻውን ስታመጣ "ይህ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?" አለችኝ። ነገር ግን "ትተርፋለች" የሚለውን ከሐኪሙ አፍ ሳልሰማ መጻፍ አልቻልኩም። የሰማሁት ትናንት ነው።

አልደረስንባትም። አቦቦ ልንገባ ስንል፣ ድልድዩ ጋ፣ ስድስት ሰዓት ገና ሳይሞላ አገኘናት። ዘጠኝ ሰዓትን አልጠበቀችም። ጠዋት ስትወጣ ትኩሳቴ ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል ነበርና፣ ብቻዋን ትቻት መጣሁ ብላ፣ ስላይዱን እንደተቀበለች ተመልሳ ተነስታለች። ለኔ ብላ ነው የቸኮለችው፣ ጋሼ።

ከድልድዩ ሥር፣ ጭቃው ዳር ተቀምጣ ነበር። ግራ ጭኗ ተሰብሮ እግሯ ሌላ ቦታ ዞሯል። የስላይዱን ሣጥን ጭቃ እንዳይነካው በሁለት እጇ ከራሷ በላይ ይዛዋለች፤ ስንት ደቂቃ እንዲያ እንደያዘችው አላውቅም፤ ቦል ከእጇ ሲወስደው ክንዶቿ አልታጠፍ አሉ። ስታየኝ "ሳይክል ተሰበረ። ስላይድ አልተሰበረም። አንቺ ለምን መጣሽ? ትኩሳት አለሽ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ነው የጮኸችው። በስኳር ጆንያ ላይ አስተኝተን እስከ ሆስፒታል ስትጮህ መጣን። ደም በውስጧ ብዙ ፈሶ ነበርና ሰባት ቀን በሞትና በሕይወት መሐል ቆየች። አሁን እግሯ በክብደት ተወጥሮ ተንጠልጥሏል። ትሄዳለች ይላሉ፤ ማነከሷ ግን አይቀርም።

እናት አላት ወይ ላልከው፣ አለቻት። ኛኩዋት ትባላለች። መሬት ላይ አንጥፋ አልጋዋ ሥር ነው የምትውለው። እኔን ስታየኝ ዞር አትልም፣ አትቆጣም፣ አታናግረኝም።

የትኛው ጎን ላልከው፣ ግራው ነው፤ ቦል የያዘው። ቦል "እጄ ነው፣ ጉልበቴ በዛ" ብሎ እህል አልቀምስ ብሎ ነበር። እጅህ አይደለም፣ ወረቀት ነው አልኩት። ወረቀቱን ያመንኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

የደበቅሁህ ሌላም አለ። ከአደጋው በፊት በነበረው ሐሙስ፣ ጥር አሥራ ስምንት፣ ስትመለስ ኛጉዋ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ "ሳይክሉ ያወራል። በግራ በኩል ጠቅ ጠቅ ይላል" አለችኝ። እኔም "አጎቴ ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቷል፤ ከሱ ልታውቂ ነው?" አልኳት። እንዲህ ነው ያልኳት። በሳምንቱም ያለ አንድ ቃል ተነስታ ሄደች።

ትናንት ሕመሙ ጋብ ሲልላት ይቅርታ ጠየቅኋት። ያን ቀን ስንስብ በቋንቋሽ ምን ነበር ያልሽው አልኳት። እንዲህ አለችኝ፦

"'ድስት ከሆነ አትንኩት' ነው ያልኩት። ድስት እኔ አውቃለሁ። የድስት ጆሮ ተጣመመ፣ ተዪው፣ ተጣሞ ያበስላል። አቃናሽው፣ ጠቅ ይላል። ነገ ጆሮው እጅሽ ላይ ይቀራል፣ ወጥ እግርሽ ላይ ይፈሳል። ይሄን ሴት ሁሉ ያውቃል። አጎትሽ ያበስላል?"

ጥያቄው ያንተ ነውና ልኬልሃለሁ።

ማይክሮስኮፑን አልጋዬ ድረስ አስመጥቼ ስላይዱን አየሁት። አርባ ሰባት ነበር። አሥራ ዘጠኙ ወባ አለባቸው፤ መድኃኒቱ በማግሥቱ በአብዱልባሲጥ መኪና ሄደላቸው። አሁን ሐሙስ ሐሙስ የሚሄድ የለም። ማኅተሙም አልመጣም።

ልጅህ አቢጋኤል


አዲስ አበባ፣ የካቲት 12 ቀን 1987 ዓ.ም.

ለልጄ ለአቢጋኤል፣

ኛጉዋ ለጠየቀችኝ መልሱ ይሄ ነው፤ እንዳለ አንብቢላት። አላበስልም። በዕድሜዬ ድስት ጥጄ አላውቅም። ሰው ያበሰለውን ስበላ ኖሬ ስለ ድስት ጻፍኩ።

ዛሬ እሁድ ስለሆነ እናትሽ መጣች። በርጩማው ላይ አስቀምጫት ደብዳቤዎችሽን ሁሉ፣ ላንቺ የጻፍኩትንም በቃሌ እየጨመርኩ፣ ምንም ሳልዘል አነበብኩላት። ስለ አርባ ሁለቱ ኪሎ ሜትር ስትሰማ አልጮኸችም። ስለ ወባሽም አለቀሰች እንጂ አልጮኸችም። ድስቱ ጋ ስደርስ ግን ተነስታ ቆመች። "ድስት ነው፣ ታቃኚዋለሽ ብለህ ጻፍክላት? እኔ እዚህ በርጩማ ላይ ተቀምጬ? የድስት ጆሮ ሲቃና እንደሚሰበር ለምን አልጠየቅከኝም?" አለችኝ። ነጠላዋን ሳትለብስ በእጇ እየጎተተችው ወጣች። ሌላ እሁድ ትምጣ አትምጣ አላውቅም።

ሱቁን ዘግቻለሁ። ማክሰኞ በአውቶቡስ እነሳለሁ፤ ሐሙስን ላልደርስበት እችላለሁ፣ ለቀጣዩ ግን እደርሳለሁ። የራሴን ብስክሌት ጣሪያው ላይ አስጭኛለሁ። ብረት ናት፣ ከባድ ናት፣ አሮጌ ናት። የኛጉዋ እግር እስኪድን ድረስ የአቦቦው ስላይድ የኔ ሥራ ነው። ኀምሳ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ጉልበቴ ያው የምታውቂው ነው፣ ያን ሙቀትና ያን ቁልቁለት ከደብዳቤሽ ብቻ ነው የማውቀው። ይፈራ ከተባለ አሁን ገና በደንብ ፈራሁ። ግን እሄዳለሁ።

ወደ አቦቦ ከመሄዴ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጊልኝ። ብስክሌቴን ገፍቼ ሆስፒታል፣ አልጋዋ አጠገብ ድረስ አስገባታለሁ፤ ቢከለክሉኝም አስገባታለሁ። እናቷ ኛኩዋት እያየች ኛጉዋ በእጇ ትዳስሳት፣ በጆሮዋ ትስማት፣ ካቴናዋን ታዙር፣ ክንዶቿን ትመልከት። የጠላችው ነገር ካለ በቋንቋዋ ትናገር፣ ቦልም ሳይስቅ ይተርጉምልኝ። እሷ "ሂድ" ካላለችኝ አልሄድም።

አጎትሽ ተክሌ